የንስሩ ግራ ጎን

ሰው ሁሉ ፌንጣ ነበር የሚላት። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ገና ድክ ድክ ስትል አንድ ቦታ አልቀመጥ ብላ ብታስቸግረው፣ "ይቺ ልጅ እግሯ ውስጥ ፌንጣ አለ" አለ፤ በዚያው ቀረ። አድጋም ፌንጣው አልለቀቃትም። ስታጠና ትንጎራደዳለች፣ ስትበላ ጉልበቷ ከጠረጴዛው ሥር ይርገበገባል፣ ስልክ ስታወራ ከጓዳ እስከ ደጅ ትመላለሳለች። እናቷ፣ "ኧረ ልጄ፣ አንድ ቀን እንኳ ወንበሩ ይወቅሽ!" ይሏታል።

ይህች ፌንጣ የዓይን መርማሪ ልትሆን ነው፤ በሙያው አጠራር ኦፕቶሜትሪስት። ኮሌጁን ጨርሳ ጋውን ለብሳ ፎቶ ተነስታለች። እናቷ ፎቶውን ሳሎን ሰቅለው ለመጣው እንግዳ ሁሉ "ዶክተሯ" ማለት ሲጀምሩ፣ "እማዬ፣ ዶክተር አይደለሁም፤ ገና ፈቃድ እንኳ የለኝም" እያለች ትቆጣለች። እውነቷን ነው። ተመርቄያለሁ ብሎ በሰው ዓይን ላይ መፈረም አይቻልም። ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሥር ሆኖ መለማመድ አለ። የጽሑፍ ፈተና አለ። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን የተግባሩ ነው። ፈታኞች ከጀርባ ቆመው እያዩ፣ ሕያው ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መነጽር ማዘዣው ድረስ አንድም ሳይዘሉ መመርመር።

ፌንጣ ልምምዱን ጨርሳለች። የጽሑፉን እንደ ውኃ ጠጥታዋለች። በተግባሩ ወደቀች። ታካሚዋ የነበሩት ሽማግሌ ምን እንደሚያማቸው ተናግረው ሳይጨርሱ ሌንሱን ዓይናቸው ላይ ደቅናባቸው ነበር። ከፈታኞቹ አንዱ ሲያሰናብታት፣ "እኅቴ፣ ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከግድግዳው ሰዓት ጋር ስታወሪ ነው የዋልሽው። ዓይን ሮጦ አያመልጥም" አላት። ያቺ ንግግር እንደ አሳ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀረች።

አሁን ድጋሚ ልትፈተን ቀኑ ደርሷል። የምትለማመደው እትዬ መነጽር ዘንድ ነው። እትዬ መነጽር በሙያው ያረጁ ሴት ናቸው። አንዱን መነጽር ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ሌላውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው፣ "መነጽሬን ያየ አለ?" እያሉ የመነጽር ሱቃቸውን የሚያምሱ፣ ታካሚ ፊት ሲቀመጡ ግን እንደ ሐውልት የሚረጉ።

"የአንቺ ችግር ዕውቀት አይደለም" አሏት ሌንስ እየወለወሉ። "እጅሽ ከአንቺ ቀድሞ ይሄዳል። በይ ቤትሽ ሂጂና የቤተሰቡን ዓይን ሁሉ መርምሪ። ዘመድ ይሰለቻል፣ ይቀልዳል፣ ይቆጣል። እነሱን ታግሰሽ፣ አንዲት ነገር ሳትዘይ ከጨረስሽ፣ ፈታኝ ምን ያደርግሻል?"

ፌንጣም መሣሪያዋን ይዛ ቤቷ ገባች። መጀመሪያ የተያዙት እናቷ ናቸው። የፊደል ሰሌዳውን ከማየት ብዛት ፊደሎቹን በቃላቸው ያዙና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳይቀር ይጠሯቸው ጀመር። ቀጥሎ ተራው የወንድሟ ሆነ።

ወንድሟ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው። መናኸሪያው "ንስሩ" ይለዋል። ሌላው ሹፌር ገና "ያ ምንድን ነው?" ሲል፣ እሱ ከተራራው ማዶ የቆመውን የመኪና ታርጋ ያነባል እየተባለ ይወራለታል። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። ፌንጣ ጋሼ ትለዋለች፤ ትፈራዋለችም፣ ትቀልድበታለችም።

"ጋሼ፣ አንዴ ተቀመጥልኝ።"

"ንስርን ማን ዓይኑን ይመረምራል?" አለ እየሳቀ፤ ተቀመጠ ግን። በቀኙ ዓይን ሰሌዳውን እስከ ታች አነበበ። በግራውም እስከ ታች። ከፊደሎቹ በታች በደቃቁ የተጻፈውን የማተሚያ ቤት ስም ጨመረላት። "በይ አሁን እራቴን ስጪኝ።"

በፊት ብትሆን ኖሮ እዚያው ጨርሳ ትነሳ ነበር። ጉልበቷ መርገብገብ ጀምሯል። የእትዬ መነጽር ቃል ግን ያዛት፤ አንዲት ነገር ሳትዘይ። ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ቀኝህን በእጅህ ሸፍን። በግራህ አፍንጫዬን ብቻ እይ፤ ሌላ ቦታ እንዳታይ። ጣቴ ከጎን ብቅ ሲልልህ 'መጣ' በለኝ።"

ጣቷን ከጎኑ አርቃ እያንቀሳቀሰች ወደ መሐል ታመጣ ጀመር። ዝም አለ። የገዛ ትከሻዋን አለፈች። ዝም። ጣቷ ጆሮዋን አልፎ ጉንጯ ጋ ሲደርስ፣ ወንድሟ ትዕግሥቱ አለቀና፣

"ጀምሪ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?" አላት።

ፌንጣ እጇን አወረደች። ዳግመኛ ሞከረች፣ ከላይ፣ ከታች፣ ከቀኝም ከግራም። በቀኙ ዓይን ትንሽ ይሻል ነበር፤ የግራው ግን በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነው። ፊት ለፊት ያለውን ቅንጣት ይለቅማል፤ ከዚያ ውጪ ያለውን ዓለም አያውቀውም። መብራቷን አብርታ ወደ ዓይኑ ውስጥ አየች። የዓይኑ ነርቭ ገርጥቶ፣ መሐሉ እንደተቦረቦረ ጽዋ ጎድጉዷል። ይህን በመጽሐፍ አይታዋለች። ሱቅ ውስጥም እትዬ መነጽር "ነይ እዪ፣ ግላኮማ ማለት ይሄ ነው" ብለው አሳይተዋታል። በጋሼ ዓይን ውስጥ ታየዋለች ብላ ግን በሕልሟም አላሰበችም።

"ጋሼ፣ የአውቶቡሱ የግራ መስታወት የተሰበረው መቼ ነበር?"

"የትኛውን ጊዜ ነው የምትዪው?" አለና፣ አፉ እንዳመለጠው ሲገባው ተነሳ። "ጠባብ በር ነው። ግንብ ላይ ነው የገጨሁት። ምን አገናኘው?"

ነገረችው። በሽታው ሳያም፣ ሳያቀላ፣ ቀስ ብሎ ከዳር ከዳር እንደሚበላ። መሐሉ እስኪቀር ሰው እንደማያውቀው። ቶሎ የዓይን ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለበት። እስከዚያም ድረስ መሪ እንዳይዝ። ይህን የመጨረሻውን ስትል ፊቱ ተለወጠ።

"ቆይ፣ ቆይ። አንቺ ፈቃድ አለሽ?"

"የለኝም፤ ግን..."

"ሳታገኚ የእኔን ልትነጥቂኝ ነዋ! ሂጂና መጀመሪያ የራስሽን አምጪ።" ካፖርቱን ከመስቀያው መንጭቆ ወጣ። እናቷ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ "ምን አድርገሽው ነው ልጁ እራቱን ትቶ የወጣው?" ቢሏት ሰሌዳውን መጠቅለል ያዘች።

በማግሥቱ ሱቅ ውስጥ ፌንጣ መቆሚያ አጣች። ፍሬሞቹን ከመደርደሪያ አወረደች፣ መልሳ ሰቀለች። በመጨረሻ፣ "እትዬ፣ አንድ ሰው አለ እንበል" ብላ ጀመረች።

እትዬ መነጽር የደረታቸውን መነጽር አጠለቁ። "ይህ አንድ ሰው መኪና ይነዳል?"

"አውቶቡስ።"

"አሃ።" የያዙትን ሌንስ አስቀመጡ። "የጽሑፍ ፈተናሽ ላይ መጥቶ አልነበረም ይህ ጥያቄ?"

መጥቶ ነበር። ታካሚህ ሹፌር ነው፣ ዕይታው ለመንዳት አይበቃም፣ ምን ታደርጋለህ? ፌንጣ መልሱን ዓይኗን ሳታሽ ነው የመለሰችው። መጀመሪያ ራሱን ማስረዳት፤ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መላክ፤ እምቢ ብሎ የሰው ሕይወት ለአደጋ የሚጋለጥ ከሆነ ለሚመለከተው ክፍል ማሳወቅ። ጽፋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ዘላለች። ያኔ ታካሚው ፊት አልነበረውም። አሁን የጋሼን ካፖርት ለብሶ መጣ።

"አምጪውና እኔ ልየው" አሉ እትዬ መነጽር። "ፈቃድ የለሽም፤ ላንቺ ፊርማ ማንም ቦታ አይሰጠውም። ደግሞም እኅቱ ነሽ። ተሳስተሽም እንደሆነ ይጣራል።"

"ካልመጣስ?"

"ያን ጊዜ መልሱን ታውቂዋለሽ። ችግሩ ማወቁ መች ሆነና!"

ወንድሟን ስትፈልገው መንገድ ላይ ነው፤ ሲመጣ ይተኛል፤ ሲነሳ እናታቸው አጠገብ ይቀመጣል፤ እሳቸው ፊት እንደማትናገር ያውቃል። አንድ ጠዋት በር ላይ ያዘችው። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ትከሻዋን መታ አድርጎ፣

"ስሚ፣ ለፈተናሽ ትልቁ ከተማ ልትሄጂ አይደል? እኔው ነኝ የማደርስሽ። ከዚያ ሆስፒታሉ እዚያው ነው፤ እገባለሁ። ቃሌ ነው። አሁን ግን አታስጨንቂኝ፤ ራስሽም አትጨነቂ" አላት።

ፌንጣ ተቀበለችው። ደስ ብሏት ሳይሆን ደክሟት። አንድ መንገድ ብቻ ነው፣ ተቀያሪ ሹፌርም አብሮ አለ፣ ደግሞስ ተሳስቼ ቢሆንስ፣ እያለች ራሷን አባበለች። ለመናኸሪያው ኃላፊ ለመደወል ስልኳን አንስታ ያስቀመጠችው ስንቴ እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

የጉዞው ማለዳ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞላ። ፌንጣ ከፊት፣ በቀኝ በኩል ያለውን ወንበር ያዘች። ከኋላዋ አንዲት እናት መንታ ልጆቿን አቅፋለች። በትይዩዋ ሽማግሌ ሰውዬ ገና ከመነሳታቸው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ተቀያሪው ሹፌር፣ ሪዛም ወፍራም ሰውዬ፣ በሩ አጠገብ ተደላድሏል። በአነዳዱ "ቀስ በቀስ" ይሉታል፤ ኤሊ ቀድማው ገብታ እራቷን በልታ ትጠብቀዋለች እየተባለ ይቀለድበታል።

ንስሩ እንደ ወትሮው ነው። አንድ እጁ መሪው ላይ፣ ወሬው አፉ ላይ። ፌንጣ ግን መጽሐፏን ከፍታ አንድ መስመር አላነበበችም። ዓይኗ የወንድሟን ግራ ጎን ይጠብቃል። ከግራ መንገድ በተገናኘ ቁጥር እግሯ ወለሉን ይረግጣል። በሬ ሲመጣ ትደነግጣለች፤ ጋሪ ሲመጣ ላብ ያጠምቃታል። ቀስ በቀስ አይቷት፣ "ምነው እኅታችን፣ መቀመጫሽ እሾህ አለው?" አላት።

ከአንዲት የገበያ ከተማ መግቢያ ላይ፣ ከግራ በኩል ካለ ኮረኮንች መንገድ አንድ ሰውዬ በብስክሌት ወጣ። ከኋላው የሽንኩርት ጆንያ ጭኗል። አልቸኮለም። አውቶቡሱን አይቷል፤ የሹፌሩንም ፊት አይቷል። ሹፌሩም አይቶኛል ብሎ ገባ። ፌንጣ አየችው። ወንድሟ ስለ ጎማ ዋጋ እያወራ ነበር፤ እግሩ ከነዳጁ ላይ ንቅንቅ አላለም።

"ጋሼ! ግራ! ጋሼ!"

ፍሬኑ ጮኸ። ሕዝቡ ወደ ፊት ተገፋ፤ መንታዎቹ አንድ ላይ ለቅሶ ጀመሩ። አውቶቡሱ ሲቆም ብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ነው፤ ሰውዬው ሽንኩርቱ መሐል ቁጭ ብሏል። ንስሩ ወርዶ አነሳው። መዳፉ ከመላላጡ በቀር ምንም አልሆነም። ተሳፋሪው በመስኮት ብስክሌተኛውን ይራገማል፤ "ሰካራም!" "ዕውር!" የሚሉ ነበሩ። ሰውዬው ግን ለማንም አልመለሰም። ንስሩን ብቻ እያየ፣

"ወንድሜ፣ ተያይተን እኮ ነው የገባሁት! ዓይን ለዓይን ተያይተን!" አለው።

ንስሩ ሽንኩርት እየለቀመ ነበር። ለቀማውን አቆመ። ከዚያ ያለችውን ገንዘብ እጁ ላይ ጭኖለት፣ ተመልሶ መሪውን ያዘ። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። ፌንጣ መጽሐፏን ዘጋች። ያለቀሱት መንታዎች፣ የተኙት ሽማግሌ፣ ሁሉም እሷን አምነው የተሳፈሩ መሰላት። በዚህ አውቶቡስ ውስጥ ከሹፌሩ የባሰች ጥፋተኛ እሷ ነበረች፤ እሱ አላየም፣ እሷ ግን አይታ ዝም ብላለች።

ለምሳ ቆሙ። ሕዝቡ ወደ ምግብ ቤቱ ሲገባ ፌንጣ አልበላችም። አውቶቡሱን ስትዞረው ቆየች። ተሳፋሪው መመለስ ሲጀምር ንስሩ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ መጣ። ወደ በሩ ሊወጣ ሲል ከፊቱ ቆመች።

"አትነዳም።"

"ዞር በይ፣ ሰው ያያል።"

"ማለፍ ከፈለግክ ግፋኝ፤ ከዚያ ሰው ይይ። ወይም አሁኑኑ ከኋላ በኩል ና። አንድ ነገር ላሳይህ። ከተሳሳትኩ ከዚህ በኋላ ስለ ዓይንህ አንዲት ቃል አልናገርም።"

ከዚህ በፊት እንዲህ ተናግራው አታውቅም። ምናልባት ለዚያ ይሆናል የተከተላት። ቀስ በቀስንም በዓይኗ ጠቅሳ ጠራችው፤ የሚፈታ ጎማ ያለ መስሎት ቡናውን እንደያዘ መጣ። ከአውቶቡሱ ጀርባ ሰው አልነበረም። ወንድሟን አቆመችው።

"ቀኝህን ሸፍን። አፍንጫዬን እይ። አሁን እሱ ከግራህ በኩል ይመጣል። ስታየው አቁመው።"

ቀስ በቀስ ነገሩ ባይገባውም ርቆ ሄደና፣ በዚያ በሚታወቅበት እርምጃው መምጣት ጀመረ። ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ቀይ ሹራብ ለብሷል፤ ስኒ ይዟል። ንስሩ አፍንጫዋን እያየ ቆሟል። ሰውዬው ቀረበ። የፌንጣ እግር መሬቱን ይመታል፤ አፏ ግን አልተከፈተም። ሰውዬው ከጎኑ ደርሶ፣ የሹራቡ ክንድ የወንድሟን ክንድ ሊነካ ሲል ግራ ገብቶት ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

ንስሩ እንደ ጥይት ዘለለ። ዞሮ ሲያየው፣ ቀስ በቀስ በአንድ ክንድ ርቀት ስኒውን ይዞ ያፈጥበታል።

"ከየት መጣህ?"

"ኧረ ከወዲያ ነው የመጣሁት፤ ዓይንህ እያየ!" አለ ቀስ በቀስ። ሪዙ ሥር ሊመጣ የነበረው ሳቅ እዚያው ቀረ። ነገሩ ገብቶታል።

"ድገም" አለ ንስሩ። ደገሙት። ራሱ እጁን አንስቶ ከጆሮው ጀምሮ ወደ ፊት እያመጣ ሞከረ፤ ጣቶቹ ከባዶ ውስጥ እንደሚወለዱ ብቅ ሲሉ ደጋግሞ አየ። ከዚያ የአውቶቡሱን ጀርባ ተደግፎ ቁጭ አለ። "እነዚያን መንታዎች እኮ ጭኛለሁ" አለ ለራሱ።

ቁልፉን ለቀስ በቀስ የሰጠው ዓይኑን ሳያነሳ ነው። ሰውዬውም እንደ ስሙ ቀስ ብሎ ነዳ፤ ተሳፋሪው "ዛሬ እንገባለን ወይስ አንገባም?" እያለ ሲነዛነዝ ደረሱ። ንስሩ መንገዱን ሁሉ ከእኅቱ አጠገብ፣ በተሳፋሪ ወንበር ላይ፣ ያለ ሥራ የቀሩትን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተጓዘ። አንዴ ብቻ፣ "ለእማዬ እንዳትነግሪ" አላት።

"አልነግርም። አንተ ትነግራታለህ።"

ፈተናው በማግሥቱ ነበር። ፌንጣ የደረሳት ታካሚ ጡረታ የወጡ ሴት የሒሳብ አስተማሪ ሆኑ፤ ወሬ የሚወዱ፣ አንድ ሲጠየቁ ሦስት የሚመልሱ። ግድግዳው ላይ ሰዓቱ አለ። እግሯ ከበርጩማው ሥር እንደ ልማዱ ይርገበገብ ነበር፤ አልተወውም። እጇ ግን አልቀደማትም። ሴትዮዋ ስለ ራስ ምታታቸው ጀምረው ስለ ጎረቤታቸው ጨረሱ፤ ሰማቻቸው። ጣቷን ከጎናቸው ስታመጣ ከትከሻዋ ማዶ "መጣ!" ሲሉ፣ ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ደግነቱ ክፍሉ ጨለም ያለ ነበር። የመጨረሻውን ሌንስ ሳትመርጥ ጊዜው አለቀ።

"ለምን አልጨረስሽም?" አላት ፈታኙ።

"ታካሚዋ አልጨረሱም ነበር" አለች። ወድቄያለሁ ብላ ወጣች።

በር ላይ ወንድሟ ቆሟል። አብረው ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ የዓይኑን ግፊት ለካ፣ የዕይታውን ስፋት በመሣሪያ አስመረመረ፣ ውጤቱን ዘርግቶም አሳያቸው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ መጠበቅ ይቻላል አለ። ስለ መንዳት ሲጠየቅ ራሱን ነቀነቀ። ንስሩ መንጃ ፈቃዱን ማንም ሳያስገድደው ራሱ ወስዶ መለሰ፤ ለእናቱም ነገራቸው።

ከዚያ በኋላ ግን ፌንጣን አኮረፋት። ትክክል እንደሆነች ያውቃል፤ ማወቁ ነው ያናደደው። በአንድ ማዕድ ተቀምጠው፣ "እማዬ፣ ለዚያች ልጅ ጨው እንድታቀብለኝ ንገሪያት" ይላል። እናታቸውም እያጉረመረሙ መልእክቱን ያደርሳሉ። ፌንጣ፣ የመጨረሻው ሌንስ ቢቀርባትም ታካሚዋን በመስማቷ ነጥብ ተሰጥቷት ማለፏ በስልክ ሲነገራት፣ እናታቸው እልል ሲሉ፣ እሱ ተነስቶ ወደ ደጅ ወጣ። መናኸሪያው በስምሪት ክፍል ሥራ ሰጠው። ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ሲያስወጣ ይውላል፤ ራሱ ግን አይወጣም። ማታ ማታ ሳሎኑን ከጓዳ እስከ ደጅ ይመላለስበታል። እናትየው፣ "ፌንጣው ደግሞ ወዳንተ ዞረ?" አሉት።

አንድ ምሽት ፌንጣ ከሱቅ ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘችው። ወንድሟ መስተዋት ፊት ቆሞ፣ አንገቱን አስግጎ፣ የጠብታውን ብልቃጥ ዓይኑ ላይ ይዟል። አንዱ ጉንጩ ላይ ወረደ። ሌላው ጆሮው ውስጥ ገባ። ብልቃጡን ሊወረውረው ሲል አያት።

"ምን ያስቅሻል?"

"አልሳቅኩም።"

"እማዬ እጇ ይንቀጠቀጣል" አለ ወደ ግድግዳው ዞሮ። ካኮረፈ ወዲህ በቀጥታ ለእሷ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። "እስከ ዛሬ ግማሹን ሸሚዜ ነው የጠጣው።"

ፌንጣ ቦርሳዋን ጣለች፣ እጇን ታጥባ መጣች። ወንበር ሳበችለት። ተቀመጠ፤ ራሱን ወደ ኋላ ጣለ። የታችኛውን የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቷ ዝቅ አደረገች። ማርገብገቡን እስኪያቆም ጠበቀች። አሁንም ጠበቀች።

"ጀምሪ እንዳልልሽ" አለ ኮርኒሱን እያየ፣ "ያን ጊዜ ብዬ ጉድ ሆኛለሁ።"

"ዝም በል ጋሼ፣ ወደ አፍህ ይገባል።"

ጠብታው ወደቀ። ዓይኑን ጨፈነ፣ እሷም የዓይኑን ጥግ በጣቷ ጫን አድርጋ ያዘች። ከጓዳ እናታቸው፣ "እራት ቀርቧል፤ ማን ለማን ልንገር?" ብለው ጮኹ። ሁለቱም ትንሽ ቆይተው አብረው መጡ።